ስድብ ለአቅመ አዳም አያደርስም

እ.ኤ.አ. በ2001 «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የአሜሪካ ካርቱን አንዱን ክፍል ሲያሳይ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቆጣሪ ለጥፎ ነበር። ቆጣሪው ከሰገራ ጋር የተያያዘ አንድ የእንግሊዝኛ ስድብ ስንት ጊዜ እንደተነገረ ይመዘግባል፤ ግማሽ ሰዓት በማይሞላው ክፍል ውስጥ 162 ደረሰ። ታሪኩ የሚጀምረው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቃሉን በአየር ላይ ሊያሰማ መሆኑ ተነግሮ አገር ምድሩ በጉጉት ሲጠብቅ ነው። ቃሉ አንዴ ከተሰማ በኋላ ግን ተማሪው፣ መምህሩ፣ መንገደኛው ሁሉ ያለ ምክንያት ሲለው ይውላል፤ ቀጥሎም ወረርሽኝ ይነሳል። በመጨረሻ ሕፃናቱ ገጸ ባሕርያት ሕዝቡን ያረጋጉና ጸያፍ ቃል ለብርቅ ጊዜ ካልተቀመጠ ኃይሉ እንደሚጠፋ ይመክራሉ። ምክሩ ከሰባኪ ወይም ከሳንሱር ሹም የመጣ ቢሆን ኖሮ ሰሚ አያገኝም ነበር። የመጣው ግን በዘመኑ ቴሌቪዥን ላይ በአፈ ባለጌነት አቻ ካልነበራቸው ከካርቱኑ ፈጣሪዎች ከትሬይ ፓርከርና ከማት ስቶን ነው። ለአዋቂዎች የሚሠራው የአሜሪካ አኒሜሽን ከዚያ ወዲህ የሄደበትን መንገድ ላየ ሰው፣ ብዙዎቹ ተከታዮቻቸው የወረሱት አፋቸውን እንጂ ጭንቅላታቸውን አይመስልም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካርቱን ስድብ አንድ ጊዜ ለምን ያን ያህል ያስቅ እንደነበር መረዳት ያስፈልጋል፤ አሁን ለምን እንደማያስቅ የሚገባን ያኔ ነው። ካርቱን ሲፈጠር የልጆች ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቤቲ ቡፕ አጭር ቀሚሷን ለብሳ የምትጨፍረው ለአዋቂ የሲኒማ ተመልካች ነበር፤ ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ሲጠብቅ ቀሚሷ ረዘመ፣ ጠባይዋም ጨዋ ሆነ። ቴሌቪዥን መጥቶ ካርቱንን የቅዳሜ ጠዋት የልጆች መዝናኛ ካደረገው በኋላ ደግሞ ሥዕል የሚንቀሳቀሰው ለሕፃን ነው የሚል እምነት በተመልካቹ ልብ ውስጥ ሥር ሰደደ። ራልፍ ባክሺ በ1972 «ፍሪትዝ ዘ ካት»ን ሲያወጣ በአሜሪካ ኤክስ የሚል የዕድሜ ገደብ የተሰጠው የመጀመሪያው የአኒሜሽን ፊልም ሆነ፤ ብዙ ያስወራውም ድመት እንዲህ ያደርጋል ወይ በሚለው ግርምት ነው። «ዘ ሲምፕሰንስ» በ1989፣ «ሳውዝ ፓርክ» በ1997 ሲመጡም የሳቁ ምንጭ ይኸው ነበር። ከወረቀት ተቆርጠው የተለጠፉ የሚመስሉ፣ ዓይናቸው እንቁላል የሚያህል የስምንት ዓመት ሕፃናት እንደ ወታደር ሲሳደቡ ተመልካቹ በእምነቱና በሚሰማው መካከል ተወጥሮ ይስቃል። በ1999 የወጣው የሳውዝ ፓርክ ፊልም 399 ጸያፍ ቃላት ተቆጥረውበት በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ገብቷል፤ ሆኖም ያ ሁሉ ስድብ የፊልሙ ርዕሰ ጉዳይ ነበር። እናቶች በልጆቻቸው አፍ የገባውን ብልግና በካናዳ አሳበው ጦርነት ያስነሳሉ፤ ቃል ያስደነገጣቸው ሰዎች ደም ሲፈስ አይደነግጡም። ስላቁ እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ስድቡ የሚያስቅበትን ኃይል የተበደረው ተመልካቹ ስለ ካርቱን ከነበረው እምነት ነው። ያ እምነት ዛሬ የለም። ከሳውዝ ፓርክ ጋር ያደገ ልጅ አሁን የልጆች አባት ሆኗል፤ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ሲሳደብ ቢሰማ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም። በየዓረፍተ ነገሩ ስድብ የሚሰነቅር የዛሬ ደራሲ ራሱን ደፋር አድርጎ ይቆጥር ይሆናል፤ የሚዋጋው ግን ድሮ ከተሸነፈ ጠላት ጋር ነው። ይባስ ብሎም ቀልዱ እንዲሠራለት ካርቱን የልጆች ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ በሕይወት መኖር አለበት። እኔ አድጌያለሁ እያለ የሚጮኸው ሥራ ከልጆች ካርቱን ጥላ ያልወጣው እሱ ነው።

ለስድቡ መብዛት በሩን የከፈተው ኢንተርኔት ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በአየር ሞገድ በሚሰራጩ ጣቢያዎች ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጸያፍ ነገር እንዳይተላለፍ ይከለክላል፤ ኬብል ከዚህ ደንብ ነፃ ቢሆንም ማስታወቂያ ሰጪ እንዳይሸሽበት ይጠነቀቅ ነበር። በኢንተርኔት የሚያሳዩት ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ግን ሁለቱም የሉባቸውም ነበር። የመጣው ነፃነት በራሱ መልካም ነው። ችግሩ አንዳንዱ ደራሲ በሩ መከፈቱን ብቻ እንደ ታሪክ መቁጠሩ ነው። ኔትፍሊክስ በ2020 ያወጣው «ሁፕስ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ደካማ የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያሠለጥን ተናዳጅ ሰው ነው፤ ይሳደባል፣ ይጮኻል፣ ደግሞ ይሳደባል። ሲናደድ የሚለውና ሲደሰት የሚለው አንድ ስለሆነ መናደዱን የምናውቅበት መንገድ የለም። ሃያሲዎች ፊት ነሱት፤ ከ10 ክፍሎች በኋላም ተቋረጠ።

ይህ በአኒሜሽን ላይ የከፋ ጥፋት የሚሆነው በሥራው ጠባይ ምክንያት ነው። በተዋናይ በሚሠራ ፊልም ላይ ስድብ ሊያመልጥ ይችላል፤ ተዋናዩ ሲሳደብም የአንገቱ ሥር ሲገተር፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ እናያለን፤ የረከሰውን ቃል ሰውነቱ ያድነዋል። በአኒሜሽን ግን የሚያመልጥ ነገር የለም። ቃሉ ይጻፋል፣ በደራሲዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባል፣ በስቱዲዮ ይቀረጻል፣ ከዚያ ሠዓሊዎች የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከድምፁ ጋር ለማጣጣም ይለፋሉ። ይህን ሁሉ ወንፊት አልፎ የወጣ ከንቱ ስድብ ሰው ተቀምጦበት የመረጠው ከንቱነት ነው። ደግሞም አኒሜሽን ካሜራ የማይደርስበትን ማሳየት የሚችል ጥበብ ነው። ገንዲ ታርታኮቭስኪ በ2019 በጀመረው «ፕራይማል» አንድ የዋሻ ሰውና አንዲት ዳይኖሰር ሐዘንና ደም ውስጥ አብረው ይጓዛሉ፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ሥራው ለአዋቂ የተሠራ መሆኑን ለማወቅ አንድ ስድብ አላስፈለገም፤ የኤሚ ሽልማቶችንም ወስዷል።

ስድብ ይጥፋ ማለቴ እንዳልሆነ ለማሳየት ደግሞ «ቦጃክ ሆርስማን»ን የሚያህል ምስክር የለም። ከ2014 እስከ 2020 በኔትፍሊክስ የታየው ይህ ተከታታይ ስለ አንድ ዝናው ያለፈበት የፈረስ ራስ ያለው ተዋናይ ይተርካል። ቀላል ቀላል ስድብ ሞልቶበታል፤ በእንግሊዝኛ ከሁሉ የከበደውን ቃል ግን ደራሲዎቹ በአንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ ብቻ ሊጠቀሙበት ወሰኑ፤ እሱም ቦጃክ ከአንድ ሰው ጋር ያለውን ግንኙነት እስከ ወዲያኛው ሲያበላሽ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቃሉ የወጣው ከኸርብ አፍ ነው። ኸርብ የቦጃክ የልብ ወዳጅ ነበር፤ ከሥራ ሲባረር ቦጃክ ለራሱ ሲል ዝም ብሎ አይቶታል። ከዓመታት በኋላ ኸርብ በካንሰር ሊሞት ሲል ቦጃክ ይቅርታ ሊጠይቅ ይመጣል፤ ኸርብ ይቅር አልልህም ይለዋል፣ ከቤቴ ውጣ ሲለውም ያ ቃል ይከተላል። የኔትፍሊክስ ሕግ አላስገደዳቸውም፤ ሺህ ጊዜ ቢሉት የሚከለክላቸው አልነበረም። ቁጥብነቱ የገዛ ምርጫቸው ስለሆነ ቃሉ ሲወጣ ደረት ይመታል።

ስድብ ሲበዛ ኃይሉ ይጠፋል ለሚለው ከጥበብ ውጭም ድጋፍ አለ። በእንግሊዝ የኪል ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስቲቨንስና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች እጃቸውን በበረዷማ ውሃ ውስጥ ነክረው እንዲቆዩ አደረጉ፤ እየተሳደቡ የነከሩት ተራ ቃል እየደጋገሙ ከነከሩት ይልቅ ረጅም ጊዜ ቻሉ። በ2011 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው አዘውትረው የሚሳደቡት ከስድቡ ያገኙት እርዳታ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የበረዶ ውሃ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሕፃናቱ የሳውዝ ፓርክ ገጸ ባሕርያት የሰበኩትን ነገር ቤተ ሙከራም ማግኘቱ ደስ ይላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ቃል ነው። ድንበር የሚጥሰው ቀልድ፣ በረሃብ፣ በሞት፣ በዘርና በሃይማኖት የሚያላግጠው፣ ከዚህ የሚከብድ ፍርድ ይፈልጋል፤ እኛንም የነካበት ጊዜ አለ። በ1997 በሳውዝ ፓርክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ልጆቹ በቴሌቪዥን የእርዳታ ማስታወቂያ አይተው ገንዘብ ይልካሉ፤ ያጓጓቸው ለለጋሾች በስጦታ የሚላከው የእጅ ሰዓት ነው። በስህተት በሰዓቱ ፋንታ አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በፖስታ ይመጣላቸዋል፤ «ረሃብተኛው ማርቪን» ብለው ስም ያወጡለታል። ጊዜው አሜሪካኖች ጠረጴዛ ሞልተው የሚበሉበት የምስጋና በዓል ነው። ወፍራሙና ስግብግቡ ካርትማን በማርቪን ፋንታ ተሳስቶ ወደ ኢትዮጵያ ይወሰዳል፤ እዚያም በማስታወቂያው ላይ ለረሃብተኞች የምትለምነው ተዋናይ የእርዳታውን ምግብ ደብቃ ብቻዋን ስትበላ ያገኛታል። ከ1977ቱ ድርቅ (ይህ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) አሥራ ጥቂት ዓመት በኋላ የተሠራ ቀልድ መሆኑን ልብ ይሏል። ጩቤው የተመዘዘው በአሜሪካዊው ላይ ነው፤ በምጽዋት ሰዓት የሚገዛው፣ የሩቁን ረሃብ እንደ ትርዒት የሚያየው እሱ ነው። በዚህ ረገድ ከብዙ ቅን የእርዳታ ዘፈን ይልቅ እውነት ተናግሯል ብል አላፍርም። ማርቪን ራሱ ግን ሰው አልሆነም። የሚናገረው ኢትዮጵያ ውስጥ በየትኛውም ቋንቋ የሌለ፣ ከደቡባዊ አፍሪካ የተቀዳ የምላስ ጠቅታ ነው፤ አገሩም ባዶ አሸዋ ነው። የአሜሪካን ፊት ለማሳየት የእኛ ፊት እንደ መስተዋት ጀርባ አገለገለ፤ ከመስተዋት ጀርባ ደግሞ ማንም አይታይም።

ያም ሆኖ ከዚህ ቀልድ ጋር መሟገት እንችላለን፣ ምክንያቱም የሚል ነገር አለው። ድንበር የሚጥስ ቀልድ የሚመዘነው በዚህ ይመስለኛል፤ ማንን እንዳስቀየመ ቆጥሮ ብቻ መፍረድ አይበቃም። እነዚሁ ደራሲዎች በ2006 የቀድሞውን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎርን የአየር ንብረት ለውጥን ሳይሆን አንድ ሰውም ድብም አሳማም የሆነ ጭራቅ የሚያሳድድ ቂል አድርገው አላገጡበት፤ በ2018 ጭራቁ እውነት ሆኖ ተመለሰ፣ ልጆቹም ሄደው ጎርን ይቅርታ ጠየቁ። መታረም የሚችለው አንድ ነገር ያለ ሰው ብቻ ነው። «ፋሚሊ ጋይ» የተባለው ካርቱን የለመደው ዓይነት ቀልድ ግን፣ ታሪኩ ድንገት ቆሞ አካል ጉዳተኛው ወይም የሩቅ አገር ሰው ለአሥር ሴኮንድ መሳቂያ ሆኖ የሚያልፍበት፣ የሚታረም ሐሳብ የለውም። ሳውዝ ፓርክ ራሱ በ2006 የፋሚሊ ጋይን ቀልዶች የሚጽፉት ገንዳ ውስጥ ኳስ የሚገፉ የባሕር እንስሳት ናቸው ብሎ ተሳልቋል። ፓርከርና ስቶን በሌላ ጊዜ ለተማሪዎች ሲያስረዱ አንድ ትዕይንት ከቀጣዩ ጋር በ«ከዚያ» ሳይሆን በ«ስለዚህ» ወይም በ«ነገር ግን» መያያዝ አለበት ብለዋል። ብልግናቸውን የሚሸከመው ይህ አጥንት ነው፤ አስመሳዮቻቸው ሥጋውን ያለ አጥንት ነው የወሰዱት።

ሰው በእውነቱ ዓለም ይሳደባል፣ ጥበብ ለምን ይሸፋፍናል? የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ክርክር ባዳ አይደለም፤ የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በቃላቱ ምክንያት ብዙ አነጋግሯል። ስብሐትን ግን የሚያድነው ቃላቱ የውቤ በረሃ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አፍ ይናገራል። የምወቅሳቸው ሥራዎች የሚጎድላቸው ይኸው እውነተኛነት ነው። ሽማግሌውም፣ ሕፃኑም፣ ዶክተሩም፣ ውሻውም በአንድ አፍ ሲሳደቡ የምንሰማው የደራሲውን ድምፅ ነው። በእውነቱ ዓለም ሰው በአለቃው ፊትና በጓደኛው ፊት እኩል አይሳደብም፤ ስድብ ማዕረግ፣ ቅርበትና ፍርሃት አለው። እነዚያን ልዩነቶች የጣለ ጽሑፍ ኑሮን ቀዳሁ ሊል አይችልም።

ነፃነትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ መንግሥትም ሆነ ጣቢያ ይከልክል አላልኩም፣ ቤቲ ቡፕን ጨዋ ያደረጋት ደንብ እንዲመለስም አልመኝም። ሕዝብ ይወደዋል የሚለው ግን ቁም ነገር አለው። ስድብ ከሚበዛባቸው ካርቱኖች «ፓራዳይዝ ፒዲ» አራት ምዕራፍ ሄዷል፤ «ቢግ ማውዝ» ስምንት። በ2024 በአማዞን የወጣው «ሀዝቢን ሆቴል»ም ስድብ በዛበት እየተባለ እንኳ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። ግን ወዳጆቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉት ዘፈኖቹንና ገጸ ባሕርያቱን ነው፤ ስድቡ በግማሽ ቢቀነስ የሚሄድ ተመልካች ያለው አይመስለኝም። ሁፕስ የሞተው ደግሞ ስድብ አንሶት አይደለም።

ከ1997 ጀምሮ የቴክሳስ የጋዝ ሻጭ የሆነውን የሃንክ ሂልን ቤተሰብ ያሳየው «ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል» ከዘመኑ የአዋቂ ካርቱኖች አፋቸው ቁጥብ ከነበሩት አንዱ ነው። ቀልዱ የሚመጣው ሃንክ ለልጁ እወድሃለሁ ማለት እንደ ስድብ ከብዶት ሲንተባተብ ነው። በ2010 ካበቃ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ «ሁሉ» በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ተመልሶ መጥቷል፤ ሃንክም ለዓመታት ከሠራበት ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገሩ ሲገባ ይታያል። ማንኛውንም ቃል የሚፈቅድ መድረክ ላይ ቢመለስም ስድብን መታወቂያው አላደረገም።