በቀፎው ሥር የተነጠፉት

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ጭጋጉም ጋቢውም ላይ ይቀራሉ፤ ታች ያለው ሙቀት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። አጎቴ እዚያ ማሳ ዳር ቀፎ ሰቅሏል። ባለፈው ስሄድ ንቦቹ ከቀፎው ሥር ተነጥፈው አገኘኋቸው። አንዷን አንስቼ መዳፌ ላይ አደረግኋት፤ ምላሷን አውጥታ ነው የሞተችው።

«ቲማቲም ተረጭቶ ነው» አለ አጎቴ። «ማንን ልክሰስ? እኔስ ሽንኩርቴን እረጭ የለ?»

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ስለ ንብ አንጀት ነበር የማነበው (ሰው ሥራ ሲፈታ የማያነበው የለም)። ንብ ክንፍ አውጥታ ከሰም ቤቷ ብቅ ስትል አንጀቷ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በቀናት ውስጥ ግን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ከቀፎ እህቶቿ ትወርሳለች። ከአሥር የማይበልጡ ወገኖች ናቸው አብዛኛውን ቦታ የሚይዙት። የአበባ ብናኝ ያዋህዱላታል፣ ከበሽታም ይጠብቋታል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ንብ ወለላ በምትሸከምበት ከረጢት ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ማግኘታቸውን ጻፉ። ወተታችንን እርጎ የሚያደርጉት፣ በጠጃችንም ውስጥ የሚገኙት የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። ለሰውም ለከብትም ፕሮባዮቲክ (ጤናን የሚደግፍ ሕያው ባክቴሪያ) ይሆኑ ይሆን የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። ፈተናው ቀላል አይደለም፤ የጨጓራን አሲድና ሐሞትን ማለፍ፣ ጎጂ ተህዋስን መግታት፣ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይን ለሌላው አለማስተላለፍ ይጠበቅባቸዋል።

እዚህ ላይ ማር ሻጭ ወገኖቼ አይቀየሙኝና፣ በስሎ የከረመ ማር ፕሮባዮቲክ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ በትኩሱ ወለላ ውስጥ በሕይወት ይገኛሉ እንጂ ማሩ ሲበስል አይቆዩም። ማር ሌላ ብዙ ሙያ አለው፤ የሌለውን አንጨምርለት።

እኔን የሚያጓጓኝ የራሳችን ንብ ናት። የጣርማ በር ደገኛ ንብና ትንሿ የቆላ ንብ አንድ አይደሉም፤ የሚቀስሙት አበባም ለየቅል ነው። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለን፣ ደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲ አለ። የሁለቱን ንቦች አንጀት አጥንቶ ባክቴሪያውን ለይቶ ማስቀመጥ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ግን ንቧ ከሞተች ባክቴሪያው ከምን ተለይቶ ይወጣል? በቀፎው ሥር የምናያት ደግሞ በአንድ ቀን ያለቀችውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ግላይፎሴት የተባለው አረም ማጥፊያ የንቧን የአንጀት ባክቴሪያ እንደሚያመናምን፣ ከዚያ ሌላ ተህዋስ ሲይዛት በቀላሉ እንደምትሞት አሳይቷል። እንዲህ ያለችዋን ማንም አይቆጥራት።

የይፋት ገበሬዎች ሆይ፣ አጎቴም ጭምር፦ ሰብሉ አበባ ላይ ሳለ አትርጩ። ግድ ከሆነም ንብ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን። ከዚያ በፊት ለባለ ቀፎው ጎረቤት ንገሩት፤ የቀፎውን አፍ እስኪከድን አንድ ቀን ይበቃዋል።