የመነጽር ሌንስ፦ ከሠራተኞች ማኅበር እስከ ግዙፍ ኩባንያ

ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው መጽሐፉን ከዓይኑ እያራቀ ማንበብ ሲጀምር «እርጅና መጣ» ይባላል። የነገሩ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማሳየት ይሳነዋል። መፍትሔው መነጽር ነው። ይህን መፍትሔ ዛሬ ላለበት ደረጃ ካደረሱት ተቋማት አንዱ የፈረንሳዩ ኤሲሎር ሲሆን፣ ታሪኩ ምስጋናንም ጥያቄንም ያስነሣል።

ጅምሩ እ.ኤ.አ. በ1849 የመነጽር ሠራተኞች ፓሪስ ላይ ያቋቋሙት የወንድማማች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በሂደት ኤሴል የተባለ ኩባንያ ሆነ። የኤሴሉ መሐንዲስ በርናር ሜትናዝ የፈለሰፈው ቫሪሉክስ በ1959 ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በፊት ሩቁም ቅርቡም የሚያስቸግረው ሰው በመካከሉ መስመር ያለበት መነጽር ያደርግ ነበር፤ ዓይኑ መስመሩን በተሻገረ ቁጥር ምስሉ ይዘልበታል። የቫሪሉክስ ኃይል ግን ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ ስለሚለወጥ ሩቁን፣ መካከለኛውንና ቅርቡን ያለ መስመር ያሳያል። በኋላ ሲሎር የተባለው ተፎካካሪ ደግሞ በ1950ዎቹ ከመስታወት በግማሽ ያህል የሚቀልለውን ኦርማ የተሰኘ የፕላስቲክ ሌንስ አስተዋውቆ ነበር። ሁለቱ በ1972 ሲዋሐዱ ስማቸውም ተዋሕዶ ኤሲሎር ተባለ።

በ2018 ኤሲሎር ከጣሊያኑ ሉክሶቲካ ጋር ተጣመረ። ሉክሶቲካ የሬይባን መነጽርና በሰሜን አሜሪካ የምናውቀው የሌንስክራፍተርስ መደብር ባለቤት ነበር። ስለዚህ ሌንሱ፣ ፍሬሙና መደብሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ። እንዲህ ያለው ኃይል ምርምርን ሊያግዝ ይችላል፤ ሆኖም የገዢውን ምርጫ እንዳያጠብብ ተቆጣጣሪዎች በንቃት ሊከታተሉት ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ሊከላከሉት ይቻል የነበረ ወይም መፍትሔ ያላገኘ የእይታ ችግር ያለባቸው ሰዎች ቢያንስ 1 ቢሊዮን ናቸው። ከእነዚህም 826 ሚሊዮኑ የሚቸገሩት ከዕድሜ ጋር በሚመጣው የቅርብ እይታ መዳከም ነው። ለአብዛኞቹ ውድ ሌንስ አያስፈልጋቸውም፤ ተራ የንባብ መነጽር ይበቃቸዋል። የጎደለው የሚመረምር ባለሙያና መነጽሩ የሚዳረስበት መንገድ ነው። ከ170 ዓመት በፊት በሠራተኞች ኅብረት የተጀመረ ኢንዱስትሪ ስኬቱን በሽያጭ ብቻ ሳይሆን በደረሰላቸው ዓይኖች ብዛትም ሊለካ ይገባል።

እኛም በውጭ የምንኖር ድርሻ አለን። አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን ዳዊት መድገም ወይም መርፌ መሰካት ካቆሙ፣ ነገሩን ለዕድሜ ብቻ አንተወው። በግምት የተገዛ መነጽር ከመላካችን በፊት የዓይን ምርመራ እንዲያደርጉ እናግዛቸው፤ ምርመራው እንደ ግላኮማ ያለውን ድምፅ አልባ በሽታም ሊያጋልጥ ይችላልና።