አንዷን ኦፓል ከነቅርፊቷ አስቀሩልን

ለደላንታ ቆፋሪዎች፣ ለደሴና ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች፣ ኦፓል ይዛችሁ ውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖች

በወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ባለችው ወገል ጤና ዙሪያ ኦፓል ከተገኘበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የደላንታ ድንጋይ ያልደረሰበት የጌጥ ገበያ የለም ማለት ይቻላል። አሜሪካ ቱሳን ከተማ በየዓመቱ በሚካሄደው የማዕድን ትርዒት ይሸጣል፤ ህንድ ጃይፑር ውስጥ ይቀረጻል። ደሴ ላይ ግን አንድ ተማሪ «የእኛ ኦፓል ከመሬት ሲወጣ ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቅ ወስደን የምናሳየው ደህና ስብስብ ለማግኘት እንቸገራለን።

ኦፓሉ ያለው በደላንታ ገደሎች ወገብ ላይ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ ዓለት መሃል በምታልፍ ቀጭን ንብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ቅርፊቱን በመዶሻ እየፈለጠ ይጥላል። ገዢ የሚከፍለው ለሚያበራው ብቻ ነውና አይፈረድበትም። ተመራማሪ የሚፈልገው ግን የሚጣለውንም ጭምር ነው። አልፎ አልፎ የጥንት እንጨት መልኩን እንደያዘ ወደ ኦፓል ተለውጦ ይገኛል፤ ተቆርጦ ቀለበት ላይ ከዋለ በኋላ ይህን ማን ያውቃል?

ናሙና ማስቀረት ምን እንደሚጠቅም የጀርመኗ ፍራይበርግ ታሳየናለች። እ.ኤ.አ. በ1168 ብር ተገኘባት፤ በ1765 የማዕድን ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1969 ማውጫዎቿ ተዘጉ። ብር የሚቆፍር ባይኖርም ናሙናዎቹ ዛሬም በትምህርት ቤቱ ስብስብ ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ አንዲት ሰብሳቢ በውሰት በሰጡት ስብስብ ቴራ ሚነራሊያ የተባለ ሙዚየም በከተማዋ ቤተ መንግሥት ተከፈተ።

ቆፋሪዎች፣ ከምታወጡት ውስጥ አንዷን ሳትፈልጡ አስቀሩ። ቀበሌውን፣ የገደሉን ስም፣ ከጉድጓዱ አፍ ስንት ሜትር ገብታችሁ እንዳገኛችሁት፣ ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ እሰሩ። የትውልድ ቦታው ያልታወቀ ድንጋይ ለሙዚየም እምብዛም አይረባም። ለናሙና ብላችሁ ግን ጉድጓድ እንዳትገቡ፤ ናዳው ስንቱን ወጣት እንደበላ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለገበያ ከወጣው ላይ ይበቃል።

ነጋዴዎች፣ የተለየ ድንጋይ ሲገጥማችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ከነሚዛኑ ፎቶ አንሱት። ውሃ ውስጥም ዘይት ውስጥም አትንከሩት። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲነከር እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይት ከጠጣ ግን ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ውጭ ያላችሁ፣ ከነቅርፊቱ የገዛችሁት ካለ ሲሸጥላችሁ የተጻፈውን ወረቀት አትጣሉ። ድንጋዩን መመለስ ባይሆንላችሁ ፎቶውንና የወረቀቱን ቅጂ ላኩ።

መድረሻው የት ይሁን? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተዘረፈው የደሴ ሙዚየም አንድ የማዕድን መደርደሪያ እንዲከፍት እጠይቃለሁ፤ የወሎ ተወላጆችም በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በአካል ጠይቁልኝ። መደርደሪያውን አሠርቶ ለመስጠት አንድ የኦፓል ላኪ አያንስም። ሙዚየሙ ድንጋዩን ሲረከብ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ይቁረጥ፣ የሰጪውና የቆፋሪው ስም መዝገብ ላይ ይስፈር። እናንተም ሞዴሉን ሳትይዙ ድንጋዩን ለማንም እንዳትሰጡ።