የሩብ ዓመቱን ክፍያ መዝለል ይቻላልን?

በልደታ ከኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች ሥር በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እናት ባለፈው ሰሞን አንድ ነገር ጠየቁን። ውዝፍ ግብራቸውን በአራት ጊዜ፣ በየሦስት ወሩ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸው የመጀመሪያውን ከፍለዋል። የሁለተኛው ቀን ሲቃረብ ግን የሱቁ ኪራይ ጨመረ፤ የበርበሬውም ዋጋ ናረ። «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል፤ ይኸኛውን ዘልዬ በሚመጣው ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ ብከፍልስ?» አሉን።

መልሱ አይቻልም የሚል ነው። ይሁን እንጂ «አይቻልም» ብሎ ብቻ መመለስ ለጠያቂይቱም ሆነ ለመንግሥት የሚጠቅም አይመስለንም።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983፣ በቂ ምክንያት ያለው ግብር ከፋይ በጽሑፍ አመልክቶ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም ከፋፍሎ እንዲከፍል ሊፈቀድለት እንደሚችል ይደነግጋል። ዳሩ ግን ከተፈቀደለት ክፍያ አንዱን ያጓደለ እንደሆነ የቀረው ዕዳ በሙሉ ወዲያውኑ ይጠየቃል። ዕዳቸው 24,000 ብር ነበር እንበል፤ 6,000 ከፍለዋል። ሁለተኛውን ቢዘሉ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠበቅባቸው እርሳቸው እንዳሰቡት 12,000 ሳይሆን 18,000 ብር ነው፤ ያውም እስከዚያ ሳይቆይ። ወለዱም ቢሆን ጊዜው ስለተራዘመ አይቆምም።

ምንም ሳያመለክት ዝም ብሎ የሚቀመጠውማ ይብስበታል። በዚሁ አዋጅ ካልተከፈለው ግብር ላይ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከዚያም በየወሩ 2 በመቶ መቀጫ ይጨመራል። 24,000 ብር ዓመት ሙሉ ቢያድር መቀጫው ብቻ 6,480 ብር ይደርሳል። ወለዱ ከዚህ ውጭ ነው።

«ታዲያ ለምን አስቀድመው አላጠራቀሙም?» የሚል ወጣት ሠራተኛ አይጠፋም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን የእኛ ግብር ከደመወዛችን ላይ በየወሩ ተቀንሶ ስለሚቀር ገንዘቡን ዐይተነው አናውቅም። መዝለል ቢያምረን እንኳ የምንዘለው ነገር የለም። በነጋዴይቱ ዘንድ ግን በኅዳር ከተሸጠው ሽሮ የሚወጣው የመንግሥት ድርሻ ከራሳቸው ገንዘብ ጋር ተደባልቆ በአንድ መሳቢያ እስከ ሐምሌ ይከርማል። በመካከሉ ልጅ ይታመማል፤ ዕድር ይጠራል፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል። የደመወዝተኛ ጽናት በገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ሲሆን የእርሳቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈተናል።

በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችንም ይህንኑ ፈተና ያውቁታል። የሚቀንስላቸው አሠሪ ስለሌለ የዓመቱን ግብር ራሳቸው ገምተው በፈረንጅ አቆጣጠር በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 ቀን መክፈል አለባቸው። አንዱን ሩብ የዘለለ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ሁሉን አጠቃሎ ቢከፍል እንኳ ለዘገየበት መቀጫ ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን ገቢው እጅግ ከፍ ያለ ካልሆነ፣ ያለፈውን ዓመት ግብሩን ያህል ለአራት ከፍሎ በጊዜው ካስገባ ግምቱ ቢያንስም አይቀጣም። እኛ የወደድነው ይህን ነው፤ ሰውየው ምን ያህል ቢከፍል በሰላም እንደሚያድር አስቀድሞ ያውቃል።

በአገራችን በ2009 ዓ.ም. የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ በአዲስ አበባና በአንዳንድ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች መዘጋታቸው፣ ብዙ ሰውም አቤቱታ ይዞ መሰለፉ አይዘነጋም። ከተሰለፈው መካከል ብዙው መክፈልን የጠላ ሳይሆን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያልገባው ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ግምቱ በዛብኝ የሚል ሰው ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ማቅረብ እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። ይህን የሚያውቅ ባለ ሱቅ ግን ስንት ነው?

ስለዚህ ነገ በዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፣ የግብሩን ልክ ስትነግሩ ከፋፍሎ የመክፈሉን መንገድና አንዱን ማጓደል የሚያመጣውንም በዚያው ቃል ብትነግሩ ምን ይጎዳችኋል? መቀጫ ከተጻፈ በኋላ የሚሰጥ ምክር ለማንም አይረባም።

እትዬንም የነገርናቸው ይኸንኑ ነው። ቀኑ ሳያልፍ፣ ያላቸውን ያህል ይዘው፣ የጎደለበትን ምክንያት በጽሑፍ አድርገው እንዲያመለክቱ መከርናቸው። ማመልከቻውን አብረን ጻፍን፤ የኪራይ ውሉንም አያያዝንበት። ሦስት ቀን ሲቀረው ወስደው አስገብተዋል፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።