ጭጋጉ የሳንባው ነው የስክሪኑ?

ሳል ጠንቶበት የሰነበተ ጎረቤቴን ደብረ ማርቆስ ካሉት ክሊኒኮች ወደ አንዱ ወስጄው ነበር፣ ራጅ ሊነሳ። ወጣቱ ሐኪም ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ አንዴ ጠጋ፣ አንዴ ራቅ ይላል። ከጀርባው ያለው መስኮት መጋረጃ የለውም። የኅዳር ጠዋት ፀሐይ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። እኔማ ስክሪኑ ላይ ከጎረቤቴ ሳንባ ይልቅ ራሴን ከነጋቢዬ አየሁ።

«ምን አየህብኝ፣ ልጄ?» አለ ጎረቤቴ።

«ጭጋግ ነገር አለ፣ አባባ፤ ግን...» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጋቢዬን አወለቅሁና አጥፌ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት። በግራ በኩል የነበረው ጭጋግ ጠፋ። የቀኙ እዚያው ቀረ።

ጤፍ የሚገዛ ሰው ማኛውን ከሰርገኛው ለመለየት እህሉን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ስክሪን ላይ ያለ ራጅ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ክፍሉ ደብዘዝ ካላለ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይመስላል። ደግሞ ስክሪን ያረጃል። ከጀርባው ያለው መብራት ቀስ በቀስ ስለሚደክም፣ አብሮት የሚውል ሰው አይነቃበትም።

ዳይኮም የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምስል መስፈርት ለዚህ አንድ ክፍል አለው፣ 14ኛው። ዓይናችን በጨለማና በብርሃን ያለን ልዩነት እኩል ስለማይለይ፣ መስፈርቱ ከ0.05 እስከ 4,000 ካንዴላ በካሬ ሜትር ያለውን ብርሃን ዓይን ለጥቂት በሚለያቸው 1,023 እርከኖች ደርድሮታል። ካሊብሬሽን የሚሉት የብርሃን መለኪያ ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ከዚህ ድርድር ጋር ማናበብን ነው። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ራጅ የሚነበብበት ስክሪን ድምቀቱ ቢያንስ 350፣ የጡት ራጅ ከሆነ 420 ካንዴላ እንዲሆን ይመክራል። ተራ የቢሮ ስክሪን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ 250 አካባቢ ነው።

እኛ ማሽኑ ሲገባ ሪባን እንቆርጣለን፤ ምስሉ የሚነበብበትን ስክሪን ግን እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን አቧራውን ጠርገን እንተወዋለን። መለኪያው ባይኖር እንኳ በነጻ የሚገኝ የመፈተሻ ምስል አለ። ጥቁር ካሬ ውስጥ 5 በመቶ ብቻ የፈካች ትንሽ ካሬ አለች፤ ነጩ ውስጥ ደግሞ 5 በመቶ የደበዘዘች። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁለቱም ካልታዩ በዚያ ስክሪን ራጅ ባይነበብ ይሻላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ራጁን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ባሕር ዳር ላለ ስፔሻሊስት መላኩን አልቃወምም፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ስልኩ ግን ድምቀቱን በራሱ ፈቃድ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ተቀባዩም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሊያየው ይችላል።

ጎረቤቴ አክታ ሊሰጥ ወደ ላቦራቶሪ ገባ። እኔ ጋቢዬን ላወርድ ስል ሐኪሙ እጄን ያዘኝ፦ «ጋሼ፣ መጋረጃ እስኪገዛ ይቆይልን።»

እየበረደኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።