ጩኸቱ ከላይ፣ ሕመሙ ከታች
በ2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የፊደል ገበታው ነው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ ኋላ የወደቁት የእነዚያ ታናናሾች ናቸው። መምህሯ ስልሳ ሰባ ልጅ ፊት ቆማ «ሀ ሁ» ስታስብል ሁሉም በአንድ ድምፅ ይቀበላታል፤ የኋላ ወንበሩ ልጅ ፊደሉን ይወቀው ዜማውን ማን ይለያል? (እኔም በዜማ ያለፍኩ ነኝ።) የአዲስ አበባው የትምህርት ቤት ምገባ ልጁን ከረሃብ አድኖታል፣ እሰየው፤ ንባቡን ግን የሚያስይዘው መምህሩ ነው። ታዲያ በዲግሪ የተመረቀውን መምህር ወደ ላይኛው ክፍል የምንሰደው፣ 1ኛ ክፍልን ለጀማሪ የምንተወው ለምንድን ነው?