ከዚራን በእግር

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች «ድሬን ዞረን አየናት» አሉኝ። በባጃጅ፣ ወደ ሐረር ሲያልፉ! አቦ፣ ከዚራ በባጃጅ አትታይም።

ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ከለገሃር ተነሱ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም ያኔ ተወለደች። (ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳይኛ ነው።) ከዚያ ቀጥ ቀጥ ባሉት መንገዶች፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ወደ ደቻቱ ውረዱ። ድልድዩን ስትሻገሩ መጋላ ናችሁ፤ መንገዱም መጠማዘዝ ይጀምራል።

ግን ግንብ ብቻውን ምን ያወራል? ባቡሩ ላይ በፈረንሳይኛ ሲሠሩ የኖሩት ጡረተኞች ዛሬም አሉ፤ በየዓመቱ ግን እየቀነሱ ነው። እነሱ ያስጎብኙን፣ ይከፈላቸውም። ቱሪዝም ላይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለእናንተ ነው የምለው፦ ዘንድሮ እንጂ ለከርሞ አትበሉ።